ሰይድን ከግጥሙ ያወጡት ጊዜ

የልጅ ልጄ ሐያት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ግጥም መተቸት ትማራለች። ይኸው ለዚህም ትምህርት ተበጀለት። ትናንት እኔ ሽንኩርት ስልጥ እሷ ጮክ ብላ ታጠናለች። የጥንቶቹ ሊቃውንት ግጥም ምግባር ያስተምር አሉ፤ ኋላ የመጡት ለትግል ያገልግል አሉ፤ የቅርቦቹ ደግሞ ግጥም አንዴ ከተነገረ ባለቤቱ እንደሞተ ይቆጠራል አሉ።

"እኔ አለሁ፣ አልሞትኩም" አልኳት።

ሳቀች። እኔ ግን ቢላዋውን አስቀመጥኩ። የአሰቡ ንዴቴ ተነሳብኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ገና ልጃገረድ ነኝ። አባቴ ከወሎ ወርዶ አሰብ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ወንድሜ ሰይድ ወደብ ላይ ጆንያ ይሸከማል። በዚያ ሙቀት ቤት ውስጥ ማን ይተኛል? አልጋችንን ደጅ አውጥተን እንጠብቀዋለን፤ የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣል። አንድ ማታ ዓሣውም እሱም ቀሩ። ለውትድርና አፍሰውት ኖሯል።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግጥም ግን ከአፌ አይጠፋም። ለእናቴ እንዲህ አልኩላት፦

አሰብ ባሕሩ ጨው ነው ይላሉ ሲቀምሱት፣
እናቴ አልቅሳ ነው ሰይድን ሲወስዱት።

ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ፣ ግጥም ሲያነክስ ምላሷን ጠቅ የምታደርግ፣ በየሰርጉ ስንቷን ዘፈን አውጪ ያሳፈረች ሴት ናት። ይህን ስትሰማ ግን ሻሿን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ከዚህ በላይ ምን ተቺ አለ?

የቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ በግድ አስገብተውኝ ነበርና፣ ልምምድ ላይ ይህንኑ ሳንጎራጉር ካድሬው ሰማኝ።

"ግሩም ነው፣ ጓዲት። ዕንባው ግን የአድኃሪ ነው። ግጥም መታገል አለበት።"

"ወንድሜ ዘምቶ የለ? ግጥሙ እንኳ ቤት ይቅር።"

መች ሰማኝ። ለአብዮቱ በዓል እንዲህ አድርጎ አስጠናን፦

አሰብ ባሕሩ ደመቀ ሞላው እልልታ፣
እናት ልጇን ስትሸኝ በታላቅ ደስታ።

ሰይድ የለ፣ ዕንባ የለ። የቀረው የኔ ዜማ ብቻ።

በበዓሉ ቀን እናቴን ፊት አስቀመጧት። ሌሎቹ ሲዘፍኑ እኔ አፌን ገጠምኩ። እሷ ግን ዜማውን አውቃዋለች፤ ተነስታ ወጣች። ካድሬው ከመጋረጃ ጀርባ ያዘኝ።

"ለምን አልዘፈንሽም?"

"የኔ አይደለማ።"

"ግጥም የሰፊው ሕዝብ ነው።"

"እንግዲያው ሰፊው ሕዝብ የራሱን ልጅ ይሸኝ፣ የኛን ይመልስልን።"

አዳራሹን መጥረግ ፈረደብኝ። እሱስ ምንም አይደል። ቤት ስገባ እናቴ "ለወንድምሽ ያፈሰስኩትን ዕንባ ለጭብጨባ ሸጥሽው" ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ወላሂ እኔ አልሸጥኩም ብላት አላመነችኝም። ከዚያ ወዲያ ግጥም ንገሪኝ ማለቷን ተወች።

ሙቀቱ በረድ ሲል ሰይድ ለፈቃድ መጣ፤ አንገቱ ቀጥኗል። ደጃፍ ላይ እግሩን እየታጠበ ምን ቢያንጎራጉር ጥሩ ነው? የካድሬውን።

"ከየት ሰማኸው?" አለች እናቴ።

"ካምፕ ውስጥ በሰልፍ ያዘፍኑናል፣ እማዬ። የማን እንደሆነ እንጃ።"

እናቴ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። "በይ፣ ያንቺን ንገሪው" አለችኝ።

ነገርኩት። ውሃው ከእጁ ላይ ዝም ብሎ ፈሰሰ።

"ለኔ ነበር እንዴ?" አለ።

ሐያት ይህን ሰምታ "ታዲያ እማማ፣ መተቸት ክፉ ነው?" አለችኝ። ምን በወጣው። ግጥምሽ አንካሳ ነው በሉኝ፤ ዘሀራም ብላኛለች፣ አኩርፌ አስተካክያለሁ። ያ ሰውዬ ግን ወንድሜን የገዛ መሸኛውን በሰልፍ አዘፈነው፣ ለማን እንደተባለ እንኳ ሳያውቅ። አርጅቻለሁ፣ ብዙ ሰው ምሬያለሁ። እሱን አልማርኩትም።