ቆለኛው የጻፈው

ፈህሚያ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። በሠላሳ አራት ዓመቷ ሆዷን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ቁርጠት ነበር፤ ቀጥሎ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ መጣ፤ በቀን አሥር ጊዜ ያስሮጣታል። ጎረቤቱ አሜባ ነው አለ። ሐኪም ቤት ሲታይ ግን ትልቁ አንጀቷ ቆስሏል፤ መድኃኒቱም ያበርደዋል እንጂ ነቅሎ አያጠፋውም።

ከዚያ ወዲህ ሰርግ ቀረች፣ ለቅሶ ቀረች። ከቤት ስትወጣ የምታስበው መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ ብቻ ነው። ለእናቷ ለሙሚና እንኳ "ጨጓራ ነው" ብላ ሸሸገች።

በ2010 ዓ.ም. በጋ ላይ ዓይናለም የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ቴሌግራም ላይ አንድ ቡድን ውስጥ አስገባቻት። "ሁሉም እንዳንቺው ናቸው፤ በቅጽል ስም ነው የሚጻፈው" አለቻት። ፈህሚያ "አዝሙድ" ተባለች።

ያነበበችው አደነዘዛት። አንዱ አውቶቡስ ላይ የደረሰበትን ይጽፋል፤ ሌላዋ ከባሏ አልጋ መለየቷን። በእሷ ብቻ የደረሰ ይመስላት የነበረው ጉድ ሁሉ እዚያ ተዘርግቷል። ዓይናለም በየማክሰኞው ትመልሳለች፤ ፍርሃት ሲመጣ እንዴት እንደሚተነፈስ፣ ለቤተሰብ በምን ቃል እንደሚነገር። ፈህሚያም ቀስ በቀስ መጻፍ ለመደች።

አንድ ቀን ለደንበኛ ጨርቅ እየለካች ሳለ "ቆለኛው" የተባለው ሰው የጻፈው መጣ።

"አባቴ ጎንደር የታወቀ ሰዓት ሠሪ ነበር። በሞተ ዕለት ከሳንጃ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ሆዴ አመለጠኝ። በዚያ ሱሪ ጀናዛ ፊት እንዴት ልቁም? ተመለስኩ። ታላቅ እህቴ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። አልፈርድባትም። ሰሞኑን ግን መኖሩም ታክቶኛል።"

ደንበኛዋ ስንት ሜትር እንደሆነ ሁለቴ ጠየቀቻት፤ ፈህሚያ አልሰማችም። ሰዓት ሠሪው አባቷ ነው። ሳንጃ ሰሊጥ የሚነግደው ናስር ታናሽ ወንድሟ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ "ሰሊጡ ከአባቱ በለጠበት" እያለች ለሰው ሁሉ ያወራችው ደግሞ እሷው ናት።

ለዓይናለም ደወለች። "ቆለኛው ወንድሜ ነው።"

ዓይናለም መለሰች፤ "የማንንም ማንነት ልነግርሽ አልችልም። ለጻፈው ሰው ግን አሁኑኑ ልደውል ነው። ወንድምሽን ካናገርሽው በራስሽ ሕመም ጀምሪ።"

ናስር ያነሳላት ወደ ማታ ነው። "አንጀቴ ቆስሏል፤ ሁለት ዓመት ሆነኝ" አለችው። "አዝሙድ የምባለው እኔ ነኝ።"

"የጻፍኩትን አነበብሽው?" አለ፤ ድምፁ ተቆጣ። "እናንተ እንዳትሰሙ ብዬ አይደል እዚያ የገባሁት?" ዘጋባት።

በማግስቱ ቅያሪ ልብስ በቦርሳዋ ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች። ሾፌሩን "ሕመምተኛ ነኝ፤ አቁም ስልህ ታቆማለህ" አለችው። ይህን ለማታውቀው ሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ሁለት ጊዜ አስቆመችው። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም አንድ ሽማግሌ "ምነው፣ ታማለች አላለቻችሁም?" ብለው ዝም አሰኙት።

ሳንጃ ስትደርስ ናስር ቤት በር ላይ የቆመውን ከሲታ ሰው ሳታውቀው አልፋው ልትሄድ ነበር።

"ስንት ጊዜ ቆማችሁ?" አላት።

"ሁለቴ። ናስር፣ አፉ በለኝ።"

ቦርሳዋን ተቀብሎ ወደ ቤት አስገባት።

ከሳምንት በኋላ አብረው ጎንደር ገቡ። ሐኪሙ ናስርን መርምሮ ያው ሕመም መሆኑን ነገራቸው፤ "አንዳንዴ በዘር ይሄዳል" አለ። ያን ቀን ከእናታቸው ፊት ተቀምጠው ሁሉንም ነገሯት።

ሙሚና አላለቀሰችም። ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው።

"አባታችሁንም እኮ እስኪሞት ድረስ ደም ያስቀምጠው ነበር" አለች። "ሰርግ የማይሄደው፣ ሰው ቤት የማያድረው ለዚያ ነበር። ለልጆቼ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኝ ነው።"

ፈህሚያ ናስርን አየችው። እሱም እሷን እያያት ነበር።