ለጊዜው ገለል አድርጊው

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ በላይ ባለው ፎቅ ላይ፣ ለሐኪም ቤቶች ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም እንጽፍ ነበር። እኔ የሙከራ ሠራተኛ ነኝ። የሠራሁትን ገጽ በመጪው ሰኞ ለድርጅቱ ባለቤት አሳይቼ ቋሚ እሆናለሁ፣ ካልሆነም እሰናበታለሁ። በዚያ ሳምንት ደግሞ ሰፈሩ እየተቆፈረ መብራት የለም። በባትሪ የሚሠራው የአለቃችን ኮምፒውተር ብቻ ስለነበር እየተፈራረቅን እሱ ላይ እንሠራለን። ተራው የደረሰ ሰው፣ የቀደመው ሰው ያላለቀ ሥራ ካለ «ስታሽ» በሚባለው ትእዛዝ ገለል አድርጎ ይቀመጣል፤ ያኛው ሲመለስ ሥራውን ጠርቶ ያወጣል።

ዓርብ ረፋድ አለቃችን አጠገቤ መጥቶ ቆመ። በእሱ ስህተት የአንድ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ተተረማምሶ ስልኩ አላርፍ ብሏል።

«ያንቺን ለጊዜው ገለል አድርጊውና ይቺን አስተካክይልኝ፣ የኔ ቆንጆ።»

ቁንጅናዬ የሚታየው ሲቸግረው ነው። አስተካከልኩለት።

ምሳ አራት ኪሎ ወርደን የጾም በያይነቱ አዘዝን። አለቃችን ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ «በሞቴ» ብሎ አጎረሰኝ። አፌ በሽሮና በጎመን እንደተወጠረ፣ «በነገራችን ላይ፣ ኮምፒውተሬ ሲጨናነቅብኝ ገለል የተደረገውን ሁሉ ጠራረግኩት» አለ። እዚያ የነበረው የኔ ሥራ ብቻ ነው። ባልደረቦቼ ሳቁ። እንደምንም ውጬ «ይመለሳል?» አልኩት።

«የሄደ ሄዷል» አለና ቃሪያውን ገመጠ።

ሰኞ ባዶ እጄን ቀረብኩ። ተሰርዞብኝ ነው ብል ባለቤቱ «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለኝ። አለቃችን ከጎኑ ተቀምጦ «ልጅቷ ጥሩ ናት፣ ግን ቀርፋፋ ናት» ሲል ዓይኑን እንኳ አልሰበረም።

በመሰናበቻዬ ቀን አንዱ ቋሚ ባልደረባችን ገለል ያደረገውን ሥራ በስህተት ሰርዞ ጮኸ። አለቃችን የሻይ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ በአንድ እጁ ጥቂት ነገር ጻፈ። ሥራው እንዳለ ተመለሰ። ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ አየሁ።

የስንብት ምሳ ላይ ጠየቅኩት።

«የኔም መመለስ ይችል ነበር?»

«በደንብ እንጂ! ቢሰረዝም እኮ ወዲያው አይጠፋም።»

«ታዲያ ለምን?»

«አንቺ መሄድሽ አልነበረም እንዴ? ለሚሄድ ሰው ምን አደከመኝ?»

ምስር ወጡን መርጦ ጠቀለለና እጁን ዘረጋልኝ። ሁሉም ያዩኛል።

«በሞቴ!»

ሞቱን ከልቤ ተመኘሁለት፤ ጎረስኩም።