ፍሬን ለማቀዝቀዝ እንግሊዝ ድረስ

ከአገር የወጣሁ ቀን አባቴ እስከ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ሸኙኝና፣ እኔን አቅፈው መሰናበት ሲገባቸው የአውቶቡሱን ሹፌር ያዙት። «ፍሬኑን መቼ ነው ያሳየኸው?»

«አባባ፣ አዲስ አበባ እኮ ነው የምሄደው፤ ሰማይ ቤት አይደለም» አላቸው።

አባቴ አልሳቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ ቁልቁል የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ የፍሬን መጋልን ከሽታው ያውቃሉ። እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ የተማርኩት ያንን ሽታ ነው፤ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ስማር ስሌቱ ተጨመረበት። አውቶቡሱ ከተማውን እስኪለቅ እንባዬን ዋጥኩ፤ ከዚያ በኋላስ አልቻልኩም።

ለንደን ስደርስ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ወረቀቴን አገላብጦ፣ «ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለኝ።

«የውድድር መኪና ፍሬን ላቀዘቅዝ።»

«አገርሽ የመኪና ውድድር አለ?»

«አለ፤ በየቀኑ። ሚኒባስ እንለዋለን።»

ፊቱ አልተፈታም፤ ማህተሙን ግን መታልኝ።

አከራዬ ደግሞ ሂተሩ እንዴት እንደሚበራ ደጋግመው አሳዩኝ። «ከአፍሪካ ስለመጣሽ ብርዱ ይከብድሻል» አሉኝ፤ እኔን፣ የደብረ ብርሃኗን! ኅዳር ላይ ደጅ ያደረ ውሃ በረዶ ይሆናል ብላቸው አዝነው ሻይ አፈሉልኝ። እኔን የከበደኝስ ምሳው ነው። እናንተ እዚያ ያላችሁ አታምኑኝም፣ ሰው ዳቦውን ብቻውን ይገምጣል። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ «ትበያለሽ?» ሲለኝ እንደ ወጉ «ጠግቤያለሁ» አልኩት። «እሺ» አለና ጨረሰው። ያን ቀን በረሃብ ዋልኩ።

እንደዚያም ሆኖ ልብ አልገዛሁም።

የተቀጠርኩበት ቡድን መኪና ውድድሩ ሲጋመስ ፍሬኑ እሳት እየሆነ ያስቸግር ነበር። መሐንዲሶቹ ኮምፒውተር ላይ ተደፍተው ሲከራከሩ እኔ መኪናው ገና ሲገባ ሸተተኝ፤ የፊት ግራ ጎማ፣ ከውስጥ በኩል። ወደ ፍሬኑ አየር የሚያስገባውን ቱቦ እንደገና ነደፍኩት፤ ስንት ጊዜ ሠርቼ እንዳፈረስኩት እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ ተገጠመ፤ መኪናውም አሸነፈ።

በማግስቱ አለቃዬ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው፣ «ይህን ቱቦ ያሰበው ማነው? አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አፍሬ መሬት መሬት እያየሁ፣ «ኧረ እኔ ምን አድርጌ! እርስዎ ያሳዩን አይደል?» አልኩ። አገር ቤት ቢሆን ቀጥሎ የእሳቸው ተራ ነበር። «የለም፣ የሷ ነው» ይላሉ፣ እኔ አንገቴን እደፋለሁ፣ ሰው ያጨበጭባል። አለቃዬ ግን ጥቂት አሰብ አደረጉና «እውነትሽን ነው» አሉ። ንድፉ ላይ የእሳቸው ስም ተጻፈ። አልሰረቁኝም፤ በገዛ አፌ ሰጠኋቸው። ስሜን በዚያች ወረቀት ላይ ለማየት ነበር አገር ያቋረጥኩት፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ማታ አባቴ ደወሉ። ቤቱ በጎረቤት ተሞልቶ ሽልማቱን በቴሌቪዥን ሲደገም አይተውታል።

«ባንዲራችንን ፈልገን አጣነው» አሉኝ።

«የሚሰቀለው የሹፌሩ አገር ባንዲራ ነው፣ አባባ።»

«ይሁን፤ ሹፌሩም ደክሟል። ያንቺን ስምስ ጠሩ?»

«አለቃዬ ‹ያንቺ ሥራ ነው ወይ?› ሲሉኝ ‹አይደለም› አልኩ።»

የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። «ጎሽ የኔ ልጅ! ጨዋ አሳድጌያለሁ» አሉ፤ ከልባቸው ነው ደስ ያላቸው። «እሳቸውስ? ሰው ፊት ‹የለም፣ የሷ ነው› ሳይሉ አይቀሩም መቼም?»

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። አቃተኝ።

«ብለዋል፣ አባባ።»

«ብለዋል!» ብለው ወደ ቤቱ ጮኹ። እልልታው ቀለጠ። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅ አድርጌ እስኪያበቃ ጠበቅሁ። ቶሎ አላበቃም።