አብሹን ለሐኪሙ የነገርኩ ቀን

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ሰዓዳ ከአሌክሳንድሪያ ደወለችልኝ። በዚያ ሁሉ ብርድ የመኪናዬን መስኮት ከፍቼ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ይዞኛል። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ በግርምት ያየኛል። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ወበቁ ከደረቴ ይነሳና እስከ ጆሮዬ ይወጣል፤ ከዚያ ላብ ያጠምቀኛል፤ ከዚያ ደግሞ ያንቀጠቅጠኛል። ሰዓዳ መድኃኒቱን አግኝቼልሻለሁ ባይ ናት።

«ቅጠል ነው ባክሽ፣ ኔቸራል ነው። አንዲት ሴትዮ ከአገር ቤት ይዛ መጥታ ነው። እኔን በሁለት ሳምንት ሆት ፍላሹ ቁርጥ አለልኝ።»

«የምን ቅጠል ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ፖሊስ ነሽ እንዴ? ዝም ብለሽ ኮል አድርጊላት።»

እውነቷን ነው፤ በዚህ ነገር ላይ ፖሊስ ነኝ። ፖሊስ የሆንኩት ደግሞ በሃያ ዓመቴ ነው።

ያኔ እኔና እናቴ ከደሴ ከመጣን አራት ዓመታችን ነበር። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ ሁለታችን ብቻ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ውስጥ እንኖራለን። እሷ አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች፤ እኔ ኮሌጅ እማራለሁ። በዚያ ክረምት እግሯ ላይ ደም ረጋባትና ደም ማቅጠኛ ኪኒን ታዘዘላት። ደሟ በየሳምንቱ ይለካል፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን እናቴ መስኮት መክፈት ጀመረች። ውጭ በረዶ እየጣለ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ሻሿን አውልቃ ትራገባለች፤ ምን ሆንሽ ስላት ትቆጣኛለች። እኔ የተናደደችብኝ መስሎኝ ስንት ቀን አኩርፌያታለሁ። ማረጥ የሚባል ነገር በቤታችን ስሙ አይነሳም ነበር። ሴት ልጅ እስክታገባ ድረስ የማይነገራት ብዙ ነው፤ እኔ ደግሞ ያኔ አላገባሁም ነበር።

ወሩ ረመዳን ነበር። ወሎዬ ቤት ረመዳን ሲመጣ አብሽ አይጠፋም። ተፈጭቶ ይዘፈዘፋል፣ መራራ ውሃው ይደፋል፣ ከዚያ ነጭ አረፋ እስኪሆን ይመታና ማር ይጨመርበታል። ቀኑን ሙሉ ለደረቀ ጉሮሮ እሱን የመሰለ ነገር አላውቅም። የእናቴ የሥራ ባልደረባ እትዬ ዘሃራ ግን ሌላ ምክር ሰጥታታለች፤ ለዚህ ሙቀት አብሽ ነው መድኃኒቱ፣ ማታ ጾም ስትፈቺም ሊነጋ ሲል በሱሁርም አብዝተሽ ጠጪ ብላታለች። እናቴ ብርጭቆውን ትታ በጆግ ትጠጣ ጀመር። «ልቤ ረጋ፣ እንቅልፌም ተመለሰ» እያለች ስትደሰት እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ከሶላት በፊት ለውዱእ ልትታጠብ እጅጌዋን ስትሰበስብ ክንዷ ላይ ጠቁሮ የበለዘ ቦታ አየሁ። ክሊኒክ ሄድን። ደሟ ከመጠን በላይ ቀጥኗል አሉ። «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ሲሉኝ ጠየቅኳት። «ምንም» አለች። እኔም «ምንም» ብዬ ተረጎምኩ። አልዋሸንም። አብሽ ምግብ ነው፤ ማን መድኃኒት ብሎት ያውቃል? ኪኒኑን ቀነሱላትና ተመለስን።

በሳምንቱ፣ ገና በተምር ጾሟን እንደፈታች አፍንጫዋ ደማ። ያዝነው፣ አልቆመም። በረዶ አደረግንበት፣ አልቆመም። አንድ ፎጣ ሙሉ በሙሉ ቀላ፣ ሁለተኛውም ጀመረ። ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። አምቡላንስ ውስጥ እጇን ይዤ እናቴ ልትሞትብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። በዚህ አገር ከእሷ በቀር ማንም አልነበረኝም።

ኢመርጀንሲ ያየን ሐኪም ወጣት ወንድ ነበር፤ ይህ ነገሩን አባሰው። እሱ ስለ መድኃኒት አልጠየቀም። «ሰሞኑን የበላችውን የጠጣችውን ሁሉ ንገሪኝ» አለ። ሾርባ፣ ሳምቡሳ፣ ተምር እያልኩ ስቆጥር አብሹ ላይ ደረስኩና ቆምኩ።

«ተይ» አለች እናቴ፣ ጥጥ በተጠቀጠቀበት አፍንጫዋ። «እሱ ምግብ ነው።»

«ምግብ ከሆነ ልንገረው።»

«ለምን እንደምጠጣው ይጠይቅሻል። ለወንድ የሚነገር ነው እንዴ? አላህን ፍሪ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ በሙሉ ገባኝ፤ መስኮቱም፣ ቁጣውም፣ ጆጉም። እፍረቷም ገባኝ፣ አሳዘነችኝም። ግን በደም የቀላው ፎጣ ፊት ለፊቴ ነበር።

«እማ፣ እነግረዋለሁ» አልኳት። «ከፈለግሽ ዕድሜ ልክሽን ተቆጪኝ።»

ነገርኩት። ስንት ጆግ እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነም። እሱ አልሳቀም፣ አልተገረመምም፤ ጻፈው። አብሽ ደም ሊያቀጥን እንደሚችል፣ ከኪኒኑ ጋር ሲደረብ እንደሚያሰጋ ነገረኝ። ለሙቀቱስ ይረዳል ወይ አልኩት። «አንዳንዷን ሊረዳ ይችላል፤ እርግጠኛ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም። ለእናትሽ ግን አሁን አይሆንም» አለ። ይህን ስተረጉምላት እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «እንግዲያው ኪኒኑን ይተውልኝ» አለች።

ደሙ ቆመ፤ አብሹንም ተወችው። እሷ ግን እስከ ዒድ ድረስ ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም። ከባድ ጊዜ ነበር፤ ምግቤን አቅርባልኝ ፊቷን ታዞርብኛለች። ቢሆንም አንድ ቀንም አልተጸጸትኩም። ከዒድ በኋላ ለምርመራ ስንሄድ ነርሷ ሌላ የምትወስጂው አለ ወይ ስትላት፣ እናቴ ቀና ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ጥቁር አዝሙድ በማር ጀምሬያለሁ፤ ጤና አዳምም ቡና ላይ አደርጋለሁ። ንገሪያት፣ ምንም አታስቀሪ» አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ኩርፊያው አለ፤ ግን ተናገረች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች፤ አኼራ የሄደችው በእርጅና ነው። እኔ ቅጠልን አልጠላም። ለእሷ አብሹ ረድቷት ይሁን ወይም ወበቁ በራሱ ጊዜ ቀንሶ፣ ዛሬም አላውቅም። የምፈራው ስሙ የማይነገረውን ነው፤ ቅጠሉም ይሁን ሕመሙ።

ትናንት ኮሌጅ ያለችው ልጄ ለቅዳሜና እሑድ መጣች። ምሳ በልተን ሳህኑን ልታነሳ ስትል «ተቀመጪ» አልኳት። ስለ ወበቁ፣ ስለ ማረጥ፣ ስለምወስደው ሁሉ፣ ስለ አያቷ ደም መርጋትም ሳይቀር እነግራት ጀመር።

«ማም፣ ፕሊስ!» አለች፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና።

«ይሸፈን፤ ጆሮሽ ክፍት ነው» አልኳትና ቀጠልኩ።