ሰባተኛው ፖስታ

በፀሐይ ሲግል የዋለ መኪና በር ከፍታችሁ፣ የሞቀው የወንበር ሽታ ፊታችሁን ሲመታው፣ ረግጣችሁት የማታውቁት አገር ትዝ ብሏችሁ ያውቃል? እኔን አሁንም ያገኘኛል። ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሹም አቦ ወራጅ አለ?» እያለ ሲጮህ አልሰማሁትም፤ ወደ ሞን ሳን ሚሼል እየሄድሁ ነበር።

ከመነሻው ላስረዳ። በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ አዲስ የጂኦግራፊ መምህርት ነበርሁ። በትምህርት ቤታችን ግቢ፣ ጣናን በሚያይ ዋርካ ሥር፣ ጎማ የሌለው ቤት መኪና በድንጋይ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ቤት መኪና ማለት አልጋና ምድጃ በውስጡ ያለው፣ እየነዱ የሚኖሩበት መኪና ነው። ከአብዮቱ በፊት ያስተምር የነበረ ፈረንሳዊ ጥሎት ሄዷል። በመሳቢያው ውስጥ የአገሩን የመንገድ ካርታና የጥንት ከተሞቹን ፖስትካርዶች አገኘሁ።

ያለ ይለፍ ወረቀት ከሐይቁ ማዶ ደልጊ እንኳ በማይኬድበት ዘመን፣ እኛ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከውይይት ክበብ መልስ፣ ፈረንሳይን እንዞር ነበር። ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩት ዘበኛችን መሪውን ይይዛሉ፤ የሒሳብ መምህሩ ከጎናቸው ይቀመጣል፤ እኔ ከኋላ ቆሜ አስረዳለሁ። ፕሮግራም አውጥቼ ነበር፦ ሰባት ከተማ፣ በየሳምንቱ አንድ። እያንዳንዱን ካርድ ቁጥር ጽፌበት በፖስታ አሽጌው ነበር።

«ቀኝዎን ይያዙ፣ ካርካሶን ደርሰናል!»

«ኧረ መምህርት፣ ፍሬን የለውም!» ይሉ ነበር ዘበኛው፣ እግራቸውን መሬት እየደበደቡ።

የሐይቁ ብርሃን ጣሪያው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ በመስኮቱ የእርጥብ ደንገል ሽታ ይገባል።

የሒሳብ መምህሩ ጣና ውስጥ ያለው የደቅ ደሴት ልጅ ነበር። አባቱ እህል ጭነው በታንኳ ሲሻገሩ ማዕበል አስቀርቷቸዋል። እናቱ ከዚያ ወዲህ ውኃ ዳር ወርደው አያውቁም። በመጀመሪያው ቀን፣ የመጨረሻ ጉዟችን ሞን ሳን ሚሼል፣ የቅዱስ ሚካኤል ገዳም ያለበት ደሴት እንደሆነ፣ በየቀኑ ባሕሩ ሲሸሽም ሰው ወደዚያ በእግሩ እንደሚሻገር ስናገር፣ ሳቁን አቋርጦ ዞረ።

«ደሴት ላይ? በእግር?»

«በእግር።»

«ታንኳ ሳይዙ?»

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ይለምነኝ ጀመር። «አንቺ፣ ሰባተኛውን አንዴ ብቻ አሳዪኝ።»

«ተራው ሲደርስ» እለዋለሁ።

ስድስተኛው ቅዳሜ የሻርትር ነበር። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሰማያዊ የመስኮት መስተዋት አንድ በአንድ ሳብራራ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች።

«ገና ብርሃን አለ፤ ዛሬ እንጨርሰው» አለኝ የሒሳብ መምህሩ።

«በቃ አሳዪው ልጄ፣ ነዳጁ በእኔ» አሉ ዘበኛው።

«ፕሮግራሙ የሚለው ለሚቀጥለው ሳምንት ነው» አልሁ። በዚያ ዕድሜዬ ደስታም በተራ የሚታደል ይመስለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወደ ጦር ግንባር የሚሄዱ ዘማቾች ስም ተለጠፈ፤ የሒሳብ መምህሩም አለበት። ከሰዓት በኋላ ተጫኑ። ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ፣ ጥቁር ሰሌዳዬን አጥፍቼ፣ ፖስታውን ይዤ ስሮጥ የደረስሁት ከአቧራው ላይ ነው።

ቅዳሜ ዘበኛው መሪውን ይዘው ጠበቁኝ። ፖስታውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ሲመጣ እንሄዳለን።»

ጠበቅነው። መኪናው ተቆራርጦ ለቁርጥራጭ ብረት ተጫነ፤ ዘበኛውም አረፉ። መርዶው ደቅ የገባው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው።

ያኔ በጀልባ ተሻግሬ እናቱ ዘንድ ሄድሁ። ፖስታውን ፊታቸው ቀደድሁት። ካርዱ ላይ፣ በረጠበ አሸዋ፣ ሰዎች ጫማቸውን አንጠልጥለው ወደ ገዳሙ ይሄዳሉ።

«በእግራቸው ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ በእግራቸው።»

ጣታቸውን ከዳር አስነሥተው፣ በአሸዋው ላይ ቀስ እያሉ፣ እስከ ገዳሙ በር አደረሱት። «ልጄ ገባ» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ዳር መለሱት። «አሁን ደግሞ አባቱን።»

ካርዱን እዚያው ትቼው መጣሁ።

እናንተም እስኪ ሞክሩት። ተራው እስኪደርስ ብላችሁ ያሸጋችሁት ነገር ካለ፣ ዛሬ ክፈቱትና ከጎናችሁ ለተቀመጠው ሰው አሳዩት።