ከፊሽካው በኋላ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሶልያና ከልምምድ ተመልሳ ቦርሳዋን ሳሎን መሃል ስትከፍተው የእርጥብ ሣርና የጡንቻ ቅባት ሽታ አንድ ላይ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። እሷ ልብ አላለችውም። ከጓደኛዋ ጋር ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ፣ ሁለት አገሮች ሦስት ጊዜ ሊጋጠሙ በተቀጣጠሩበት የራግቢ ውድድር ዳኛው ስለሻረው ነጥብ ትከራከራለች።

«ማሚ፣ ዳኛው ብላይንድ ነው፣ አይ ስዌር» አለችኝ።

«አትማዪ» አልኳት። ሽታው ግን ይዞኝ ሄደ፣ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ወደነበረው ባለ ሦስት ፎቅ አፓርታማችን፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ወደነበረበት ክረምት።

አባዬ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል፣ እማዬ ሆቴል ታጸዳለች፣ እኛ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነን። ከእኛ በታች ሚስተር ፊሊፕ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ይኖራል፤ በረንዳው ላይ ከበረንዳው የሚሰፋ የሳተላይት ሳህን ተክሏል፣ ጉልበቱን ጠዋት ማታ በቅባት ስለሚያሽ ደግሞ ከእሱ ቀድሞ ሽታው ደረጃውን ይወጣ ነበር። ከበላያችን ያለው ቶማሲ ኒውዚላንድ ያደገ፣ ሲስቅ የእኛ ጣሪያ ላይ ያለው መብራት የሚንቀጠቀጥ ግዙፍ ሰው ነው። ሁለቱም ኮሜርስ ሲቲ በምትባል ጎረቤት ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራሉ፣ በአንድ መኪና ይሄዳሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ከሕንጻው ጀርባ ባለው ሜዳ የሠፈሩን ሴት ልጆች ሰብስበው እንቁላል በመሰለው ኳስ ራግቢ ያስተምሩናል።

እኔ በትምህርት ቤት የማትናገረዋ ልጅ ነበርኩ። ከአገር ቤት ከመጣን ሦስት ዓመት ቢሆነንም መምህሮቼ ድምፄን በቅጡ አያውቁትም። ሜዳው ላይ ግን ኳስ ለመቀበል መጮህ ግድ ነው፤ ጮህኩ፣ ስሜም ተጠራ፣ «ሰናይት፣ ሩጪ» እየተባለ። ለዚያ ሜዳ ስል ሌሊት ሌሊት እጸልይ ነበር። የመጀመሪያ ግጥሚያችን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከዴንቨር ልጆች ጋር ተቀጥሮልናል፤ ደንቡ ግን አንድ ቡድን ሁለት አሠልጣኝ ከሌለው አይጫወትም ይላል።

በዚያው ሰሞን ደቡብ አፍሪካና ኒውዚላንድ ሦስት ጊዜ ተጋጠሙ። አንድ አንድ ተሸናነፉና ሦስተኛው አሸናፊውን የሚለየው ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ፊሊፕ ቤት ምንጣፉ ላይ ተደርድረን ስናይ፣ በመጨረሻው ደቂቃ አንዱ የኒውዚላንድ ተጫዋች ኳሱን ታቅፎ መስመሩ ላይ ተወረወረ፣ ስድስት ሰው ተከመረበት። በራግቢ ኳሱ ከመስመሩ አልፎ መሬት ከነካ ትራይ ነው፣ አምስት ነጥብ ነው፤ ካልነካ ምንም አይደለም። ዳኛው በሆዱ ሊተኛ ምንም እስኪቀረው አጎንብሶ አየ፣ ተነሣ፣ ፊሽካውን ነፋ፣ እጁን ሰቀለ። ኒውዚላንድ አሸነፈች።

«አልነካም» አለ ፊሊፕ። «ከኳሱ ሥር እጅ አለ። ጣቱ አይታይህም?»

«የሚታየኝ ሊያለቅስ የደረሰ ሽማግሌ ነው» አለ ቶማሲ።

ፊሊፕ ቴሌቪዥኑን ድርግም አድርጎ ወጣ። ጨዋታውን በካሴት ቀድቶት ስለነበር ግን ማታ መልሶ አየው፣ በማግስቱም ቶማሲን ጠርቶ አሳየው፤ ፊሽካው ጋ ሲደርስ ያቆማል፣ ወደ ኋላ ያጠነጥናል፣ እንደገና ያያል። ክርክሩ ወደ ሕንጻው ተዛመተ። በሕይወታቸው ራግቢ አይተው የማያውቁ እናቶች ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ «ነክቷል» እና «አልነካም» ተባብለው ተከፈሉ። በአራተኛው ቀን ፊሊፕ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በሰው ፊት፣ «አንተም እንደ ዳኛው ሌባ ነህ» አለው። ቶማሲ ወደ ቤቱ ወጥቶ የኳሶቹን ጆንያ አመጣና የፊሊፕ በር እጀታ ላይ ሰቅሎት ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱ በመኪና፣ ሌላው በአውቶቡስ ሥራ ይሄዱ ጀመር። ቅዳሜ ሜዳው ባዶ ሆነ።

«አባዬ፣ አስታርቃቸው» አልኩት።

«በምን ተጣሉ?»

«በኳስ።»

«ኳሱ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። መሬት ነክቷል፣ አልነካም ተባብለው ነው።»

«እና በዚህ ሰው ይኮራረፋል?»

«እነሱ ካልታረቁ እኛ አንጫወትም» አልኩት። ይህ ገባው። በቤተ ክርስቲያን ስንት ባልና ሚስት ያስታረቀ ሰው ነው፤ ያን ክረምት ደግሞ ልጁ በሦስት ዓመት ያልተናገረችውን ስትናገር ሰምቷል።

ሽምግልና ለብቻ አይኬድም። አባዬ ታች ሱቅ ያላቸውን ጋሽ ሙስጠፋን ጠራ፤ አዲስ አበባ እያሉ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ሦስተኛ ሽማግሌ ሲጠፋ እማዬ ነጠላዋን አጣፋችና «እኔ አለሁ» አለች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አባዬ በሱፉ፣ ጋሽ ሙስጠፋ በኮፍያቸው፣ እማዬ በነጠላዋ፣ እኔ በአስተርጓሚነት የፊሊፕን በር አንኳኳን። ከፍቶ አራታችንን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«የበረንዳውን ሳህን ነገ አወርደዋለሁ» አለ።

ተረጎምኩ። «የምን ሳህን?» አለች እማዬ።

ገባን፣ ቆምን። ወንበር ቢያቀርብ አልተቀመጡም፣ ሻይና ብስኩት ቢያመጣ አልነኩም። ፊሊፕ ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ከቶማሲ ጋር ለመታረቅ እሺ ካላለ እንደማይቀመጡ፣ ልማዳችን እንደሆነ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ግን ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውለውን እናቴን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ ብዙም ሳይቆይ «እሺ፣ ጥሪው» አለ። ያኔ ተቀመጡ።

ቶማሲ መጥቶ በሩ አጠገብ ተገተረ። ሁለቱም በአንድ አፍ ካሴቱ ይታይ አሉ።

«ደግ፣ ማስረጃው ይቅረብ» አሉ ጋሽ ሙስጠፋ። መነጽራቸውን አድርገው ቴሌቪዥኑ ድረስ ተጠጉ። ፊሊፕ አሳየ፣ አጠነጠነ፣ አሳየ። «ወንድሜ ታደሰ» አሉት አባዬን፣ «እኔ የማየው የሰው መቀመጫ ብቻ ነው።» ይህን አልተረጎምኩትም።

ፊሊፕ ለአራተኛ ጊዜ ሊያጠነጥን ሲል፣ እማዬ፣ «ያ ከሥር ያለው ልጅ ተነሣ ወይ?» አለች።

ተረጎምኩ። ሁለቱ ወንዶች ተያዩ። ያን ካሴት በአንድ ሳምንት ሃምሳ ጊዜ ሳያዩት አይቀሩም፤ ከፊሽካው ግን አልፈው አያውቁም። ፊሊፕ እጁን ከማሽኑ አነሣ። ክምሩ ተፈታ፣ አንድ በአንድ ተነሡ፣ ከሁሉም ሥር የነበረው ደቡብ አፍሪካዊ ግን እንደተኛ ቀረ። ትራዩን ያገባው ልጅ ጓደኞቹ ሊስሙት ሲሮጡ ትቷቸው ተመለሰ፣ ተንበረከከ፣ አንድ ነገር ጠየቀው፤ ከዚያ ደግፎ አነሣው፣ እጁን በትከሻው አዙሮ የሚያነክሰውን ልጅ እስከ ሜዳው ዳር ወሰደው።

«ይሄን አላየሁም» አለ ፊሊፕ።

«አጥፍተኸው ወጣህ» አለ ቶማሲ።

«አዎ።» ብድግ አለ። «ሌባ ያልኩህ ጥፋት ነው፣ ይቅር በለኝ። ትራዩን ግን አልቀበልም።»

«አትቀበል» አለ ቶማሲ፣ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ። «እኔም አልመልስልህም።»

አባዬ ተሳሳሙ አላቸው። ሁለቱ ግዙፎች እንዴት እንደሚሳሳሙ ስላላወቁ አፍንጫቸው ተጋጨ። ፍልሰታ ስለነበር እኛ ቅቤ ያለበትን ብስኩት አልነካነውም፤ ጋሽ ሙስጠፋ የአራታችንንም ድርሻ በሉልን።

ነሐሴ መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ተጫወትን። የዴንቨር ልጆች ስማቸው ጀርባቸው ላይ የታተመበት ማሊያ ለብሰዋል፤ የእኛ ነጭ ቲሸርቶች ለአንድነት ሲባል ከአንድ ቀይ ጋር አብረው ስለታጠቡ ሁሉም ሮዝ ሆነዋል። እነሱ ቀድመው አንድ ትራይ አገቡ። ቀጥሎ ከእኛ ሂባቅ የምትባል ሶማሌ ጎረቤታችን ሜዳውን ከጫፍ ጫፍ ሮጣ ኳሱን መሬት አስነካች፤ ዳኛዋ ግን እግርሽ ከመስመር ወጥቷል ብላ ሻረችው። ፊሊፕና ቶማሲ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው በአንድ ድምፅ ጮኹ፣ ዳኛዋም ሁለቱን አንድ ላይ አስጠነቀቀቻቸው። አባዬ ከዚያ የበለጠ የተሳካ እርቅ አላየሁም ይል ነበር።

ሊያልቅ ሲል ኳሱ እጄ ገባ። ሮጥኩ፤ የሚጎትተኝን እጅ፣ የእማዬን ነጠላ፣ ነጩን መስመር አስታውሳለሁ። ወደቅኩ፣ ክምሩ ላዬ ላይ ወደቀ፣ ኳሱ በደረቴና በአፈሩ መካከል ነበር። ፊሽካው ተነፋ፣ የዳኛዋ እጅ ተሰቀለ። ሂባቅ ከትራይ በኋላ የሚመታውን ተጨማሪ ሁለት ነጥብ በእግሯ ልካ አስገባች። በሰው ፊት ቀና ብላ የማትናገረው እናቴ በዚያ ሜዳ ዳር እልል አለች፣ ከጎኗ የቆሙት የዴንቨር ልጆች እናቶችም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡላት።

ፊሊፕ አገሩ ገባ። ቶማሲ ልጁ ወዳለችበት ተዛወረ። ጋሽ ሙስጠፋ ሱቁን ሸጡት፣ አባዬ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ነፍሱን ይማር። ከነዚያ ሁሉ ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ የማውቀው የሁለቱን ብቻ ነው። አሁን ዴንቨር፣ ሴንትራል ፓርክ በሚባል ሠፈር ጥሩ ቤት አለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን ሰባት ዓመት ስንኖር እርቅ ሊለምን በራችንን ያንኳኳ ሰው የለም፣ እኛም የማንንም አላንኳኳንም። ይህ እንደሚጎድለኝ አውቃለሁ። የተሰጠኝን ግን አልክድም፦ ያን ቅዳሜ ሁሉም እዚያ ነበሩ፣ እኛም ሰባት ለአምስት አሸነፍን።