በቅንፍ ውስጥ የተጻፈው

በሩ ላይ የሴቶች ጫማ ተደርድሯል። የኔን ከጫፍ አስቀምጬ ገባሁ። የእስር ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አምስት ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቆርቆሮው ገና በጠዋቱ ይግላል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሲያርፉበት በጥፍራቸው ሲቧጥጡት ይሰማል። ሲይዙኝ መነጽሬን ስለወሰዱብኝ የማንንም ፊት አጥርቼ አላየሁም።

በገበያ ጨርቅ የሚነግዱ አንዲት ትልቅ ሴት ከምንጣፋቸው ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

«ምን አድርገሽ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። አማርኛውን በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ዜማ ነበር የሚናገሩት።

«አስተማሪ ነኝ። በቅንፍ የተነሳ ነው የያዙኝ።»

«ቅንፍ ማነው?»

ከተያዝኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። ከዚያ ነገርኳቸው።

ታቦር አካባቢ የማታ ተማሪዎችን አማርኛ አስተምር ነበር። ቀን ሲሠሩ የሚውሉ አዋቂዎች ናቸው። ስለ ተውኔት ስንማር፣ ገጸ ባሕርይን የምናውቀው በሚናገረው ብቻ አይደለም፣ እየተናገረ በሚያደርገውም ጭምር ነው አልኳቸው። ሰሌዳው ላይ አንድ ሹም ለአንዲት መበለት የሚለውን ጻፍኩ፦ «አይዞዎት እናቴ፤ ከዚህ ቤት ማንም አያስወጣዎትም።» ከአጠገቡ ባዶ ቅንፍ አደረግኩ። «ሹሙ ይህን ሲል ምን እያደረገ ነው? እናንተ ሙሉት» አልኳቸው።

አንዷ ተማሪዬ የመሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ሁለት ልጆች ለብቻዋ ታሳድጋለች። ቅንፉ ውስጥ «የበሩን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ እየከተተ» ብላ ጻፈች። ጮክ ብዬ ለክፍሉ አነበብኩት። ከዚያ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ስሟን በመቀስ ቆርጬ ወረቀቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት። በዚያ ሰሞን ቤት ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ በሰፈሩ ይናፈስ ነበርና ሰው በስልኩ እያነሳ ተቀባበለው። በአራተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ክፍል ድረስ መጥተው ወሰዱኝ።

ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «የጻፈችው ልጅ መያዝሽን ታውቃለች?» አሉ።

ጠባቂው ስሜን ጠራ።

መርማሪው በዕድሜ ከኔ ያንሳል። ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል። መነጽሬን ከመሳቢያ አውጥቶ በመሐረብ ጠረገና ሰጠኝ። ወንበር ግን አላሳየኝም።

«እንዳይቸገሩ ብዬ ነው፣ መምህርት። ያንብቡት።»

ያው ወረቀት ነው።

«ንግግሩ ምንም የለበትም። ጥሩ ሹም ነው» አለ። «ነገር ያለው ቅንፉ ላይ ነው። ማን ጻፈው?»

«የክፍል ሥራ ነው። ሁሉም ጽፈዋል።»

«እኔ የጠየቅኩዎት ይህኛውን ማን እንደጻፈው ነው።»

«ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።»

ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገልኝ። «እንግዲያው ያንኑ ዓረፍተ ነገር በእጅዎ ይጻፉት።»

እስክሪብቶውን አነሳሁ። የተማሪዬ ጽሕፈት ፊደል በጉልምስና የተማረ ሰው ጽሕፈት ነው፤ እስክሪብቶውን ስለምትጫነው ከወረቀቱ ጀርባ ይዳሰሳል። የኔ ወደ ቀኝ የሚሮጥ ነው። አስመስዬ ብጽፍ ይነቃብኛል። በራሴ እጅ ብጽፍ ደግሞ ሌላ ሰው ፈልጉ እንደማለት ነው። ስሟን በልቤ እንኳ እንዳላነሳ ራሴን ከለከልኩ፤ ከንፈሬ ያሳብቅብኛል ብዬ ፈራሁ።

ጎንበስ ብዬ ጻፍኩ፦ «ተማሪዎቼ በክፍሌ ውስጥ ለጻፉት ሁሉ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።» ፈረምኩበት።

አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«አንቺ» አለኝ። እርስዎ ማለቱ እዚያ ላይ ቀረ። «ይህን ጻፊ አልኩሽ?»

«አላሉኝም።»

«ልጅ አለሽ?»

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ።»

«እሷንስ ማን ያሳድግልሻል?»

ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ያዘነልኝ ይመስል ነበር። ይህን እያለ ግን ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ቀደደው።

ሌላ ወረቀት ሰጠኝ። ያንኑ የራሴን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ቀደደው። ሦስተኛውን ስጽፍ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ የጎረቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ታየችኝ። ፊደሉ ግን ቀጥ ብሎ ወጣ። እሱን አልቀደደውም። መዝገቡ ውስጥ ከተተውና እጁን ዘረጋ።

«መነጽሩን።»

«ያለሱ አላይም» አልኩት። አላወለቅኩትም።

የተዘረጋው እጅ ጥቂት ቆየና ተመለሰ። «ውሰዳት» አለው ጠባቂውን።

ስመለስ ጨርቅ ነጋዴዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋቸው። ፊታቸው ከድምፃቸው ይልቅ የደከመ ነው። ከጀሪካኑ ውሃ ቀድተው ሰጡኝና ጠጥቼ እስክጨርስ ኩባያውን ከሥር ደገፉልኝ።

ሦስት ሳምንት ቆይቼ ያለ ክስ ተለቀቅኩ። ወደ ማታው ክፍል አልመለሱኝም። ተማሪዬ ግን ዓመቱን ጨረሰች፤ ፈተናውንም አለፈች አሉኝ። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ተገናኘን። እጄን ይዛ ቆየችና ጉዱማሌ ስንደርስ ወረደች።

አሁን ቤቴ ውስጥ ጥቂት ሰዎችን አስጠናለሁ። ወሬውን የሰሙ ጀግና ነሽ ይሉኛል። አልከራከራቸውም፤ ግን አንድ የማልነግራቸው ነገር አለ። ከምርመራው በማግስቱ ጠዋት የእስር ክፍላችን በር ሲከፈት ለኔ የመጡ መሰለኝ። ተነስቼ ቆምኩ። የተማሪዬ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

የጠሩት ሌላ ሴት ነበር።